ያልተኳኳለች አዲስ መኪና አለች?

"አዲስ መኪና እፈልጋለሁ፤ ግን ጣጣ የሌላት።" ይህን ያሉኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ላዳ ነድተዋል፤ ከዚያም የአንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ። ዕድሜያቸው ሲገፋ መንገድ ላይ መቆምን ፈሩና ማንም ያልነዳትን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገዙ አሰቡ። የምታወራ መኪና አይፈልጉም፤ በራሱ የሚታጠፍ መስተዋት አይፈልጉም፤ ጣሪያዋ መስታወት እንዲሆንም አይፈልጉም። መሪዋ ልክ የሆነ፣ ፍሬኗ የሚይዝ፣ ስትታመም የሰፈር መካኒክ የሚያክማት ትሁን እንጂ ሌላው ይቅር አሉ።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ሲያስቡበት ግን አይለቅም። ብዙ ሰው "እንዲህ ያለች መኪና ድሮ ቀረች" ይላል። እኔ አልቀረችም እላለሁ። የቀረው የምናውቀው መልኳ ነው። ዛሬ ጣጣ የሌላትን አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው እንደ ድሮው መስኮቷ በእጅ መዞሩን አይቶ አይለያትም። ሌላ መለያ ያስፈልገዋል፤ እዚህ የምጽፈውም ስለዚያ መለያ ነው።

ላዳና ቪትዝ

ላዳን አብዛኛው ሰው የሚያስታውሳት በሰማያዊና ነጭ የታክሲ ቀለሟ ነው። በመካኒክ ዓይን ግን ላዳ በደንብ የታሰበባት መኪና ናት። መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ሲጀምሩ ግን እንዳለ አልገለበጡትም። ጭቃና ጠጠር ቶሎ ስለሚበላው የኋላውን ዲስክ ፍሬን አውጥተው በሸራ የሚይዝ የከበሮ ፍሬን አስገቡ፤ ቆርቆሮውን አወፈሩ፤ ከመሬትም ከፍ አደረጓት። ለመጥፎ መንገድና ለቀዝቃዛ ጠዋት ተብላ የተሠራች በመሆኗ ነው እኛም አገር የበረከተችው። የቫልቯ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስስ መለኪያና ሁለት መፍቻ ያለው ሰው መንገድ ዳር ያስተካክለዋል። ካርቡሬተሯ ተፈቶ በቤንዚን ይታጠባል። የት እንደታመመች በጆሮ ይታወቅ ነበር።

ቪትዝ ስትመጣ ካርቡሬተሩ ቀርቶ ኮምፒውተር ገባ። ያን ጊዜም "ይህችን ማን ይሠራታል?" ተብሎ ነበር። ዛሬ ግን ቪትዝን የማይፈታ ጋራዥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። መኪናዋ በብዛት ስለገባች ሱማሌ ተራ ውስጥ ከበር እጀታዋ እስከ ቴስታታዋ ይገኛል። ኮምፒውተሯን የሚያነበው መሣሪያም ረከሰና በየጋራዡ ገባ። ስለዚህ ቀላልነት ግማሹ መኪናዋ ውስጥ፣ ግማሹ ሰፈሩ ውስጥ ነው። አንዲት ዕቃ ውስብስብ ብትሆንም የሚያውቃት ሰውና የሚተካት መለዋወጫ በቅርብ ካለ ለባለቤቱ ቀላል ናት።

የተዘጋው በርና የተከፈተው

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186/2012) ትንሽ አዲስ መኪናን የሚጠቅም ነበር። ከ1300 ሲሲ ላልበለጠ አዲስ መኪና ታክሱ 5 በመቶ ሲሆን፣ ያረጀ መኪና ላይ ግን እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ተቆለለ። ባለ 1200 ሲሲ ሞተርና ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ የሆነችው ሱዙኪ ዲዛየር ለዚህ ስሌት የተሰፋች ያህል ነበረች። መምህሩ ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሴ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሆን ነበር።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሌላ በኩል በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ መኪና የተሰጠው የታክስ ማበረታቻ ነበር፦ ተገጣጥሞ የሚገባው ላይ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው ላይ 5 በመቶ ጉምሩክ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ የሚመጣው ላይ ምንም፤ ኤክሳይስ፣ ተጨማሪ እሴትና ሱር ታክስም አይነካውም ነበር። የነዳጁ በር ተዘጋ፣ የኤሌክትሪኩ ተከፈተ። እንግዲህ ጣጣ የሌላትን አዲስ መኪና አዲስ አበባ ላይ የሚፈልግ ሰው የሚፈልጋት ከኤሌክትሪክ መኪኖች መሀል ነው።

ሌላ አገር ግን ጣጣ የሌላቸው አዲስ የነዳጅ መኪኖች አሁንም አሉ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ታይላንድ ውስጥ ሃይሉክስ ቻምፕ የምትባል ፒካፕ በ459,000 ባት መነሻ ዋጋ አወጣ፤ ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል፣ የኋላ ጭነቷ ላይ ባለቤቱ የፈለገውን የሚያስርበት አስቀድሞ የተበሳ ቀዳዳ ያላት። ሕንድ ውስጥ ሱዙኪ አልቶ ኬ10 እስካሁን ትሸጣለች። አውሮፓ ውስጥ የዳሲያ ሳንዴሮ መነሻ ሞዴል በስክሪን ፈንታ የስልክ ማስቀመጫ ተደርጎላት ነው የምትመጣው፤ ያችው ሳንዴሮ በ2024 ከመኪና ሁሉ በላይ አውሮፓ ውስጥ ተሽጣለች። ጌጥ የማይፈልግ ገዢ የለም ለሚሉ ነጋዴዎች ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። ላንድክሩዘር 70ም እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣች ወዲህ አጥንቷን ሳትቀይር ዛሬም ትመረታለች። ለእኛ ገዢ ግን ይህ ሁሉ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ከእኛ ብዙ አይሻሉም። ትንሿና ርካሿ ሚትሱቢሺ ሚራዥ ቀርታለች፤ ሼቭሮሌ ስፓርክ ከ2022 ወዲህ የለችም፤ በመስከረም 2025 የአንድ አዲስ መኪና አማካይ ዋጋ ከ50,000 ዶላር አልፏል። እዚያ ስክሪኑን ያመጣው ፋሽን ብቻ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ መኪና የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ ካሜራ ካለ ማሳያ ይኖራል፤ ማሳያ ከተገጠመ ደግሞ አምራቹ የሬዲዮውንና የአየር ማቀዝቀዣውን ቁልፎች ነቅሎ ወደዚያው ይከታቸዋል፤ ቁልፍ መሥራት ያስወጣል፣ ሶፍትዌር ውስጥ መሳል ግን አያስወጣም። የተጫነው ስክሪን ከጌጥነቱ ይልቅ የወጪ መቀነሻ ነው። ይህን ሳውቅ መምህሩ ለጠየቁት ነገር ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

"ቢጠፋስ?"

ከመምህሩ ጋር የሄድንበት መሸጫ ውስጥ የቆመችው መኪና ከትንንሾቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዷ ነበረች። የምታሳያቸው ልጅ ትሁት ናት፤ ክሩስኮቱ መሀል የተተከለውን ስክሪን በጣቷ እየነካች አየር ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ መስተዋቱን አዞረች፣ የፊት መብራቱን ከፍና ዝቅ አደረገች።

"አባባ፣ ሁሉንም ከዚህ ሆነው ነው የሚያዙት።"

"ልጄ፣ ይሄ ነገር አንድ ጠዋት አልበራም ቢልስ? መኪናዋ ትሄዳለች?"

"አይጠፋም አባባ፣ አዲስ ነው።"

"አዲስ ሁሉ ያረጃል። ሲያረጅ ቢጠፋስ?"

ልጅቷ ስክሪኑን አየችው፣ እሳቸውን አየቻቸው። "እውነት ለመናገር አላውቅም፤ እጠይቅልዎታለሁ" አለች።

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስቆጥር የነበረው አንዲት መኪና የሌላትን ነገር ነው። ስክሪን የላትም፣ ካሜራ የላትም፣ ስለዚህ ቀላል ናት። እሳቸው የቆጠሩት ሌላ ነው፦ ቢበላሽ መኪናዋን የሚያቆማት ስንት ነገር አለ? በዚህ መለኪያ የኋላ ካሜራ ጣጣ አይደለም፤ ቢበላሽ ዞረው ያያሉ። ሬዲዮው ቢሞት ዝም ብለው ይነዳሉ። የፊት መስታወቱን ጉም የሚያጠፋው አየር ከስክሪኑ በቀር ማዘዣ ከሌለው ግን፣ ክረምት ላይ ስክሪኑ የጨለመ ዕለት መኪናዋ በቴክኒክ ብትሄድም ነጂው መንገዱን አያይም። በሩ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ብቻ ከሆነ ባትሪ የደከመ ዕለት ባለቤቱ ውጭ ይቀራል። ሳያስፈልግ የገባ እንዲህ ያለ ነገር ነው "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚባለው።

በዚሁ መለኪያ ሌላም ነገር ይገለበጣል። የኤሌክትሪክ መኪና አንቀሳቃሽ ክፍል ከላዳም ይቀላል። ፍሪሲዮን የላትም፣ ካንዴላ የላትም፣ ሞተሪኖና ዲናሞ የላትም፣ የነዳጅ ፖምፓ የላትም፣ ማርሚታ የላትም፣ ቴስታታ የሚያቃጥል ሙቀት የለም። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው አንድ ሮተር ነው፤ ካምቢዮው አንድ ማርሽ ብቻ አለው፤ ዘይቱም አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከፍታም አያደክማትም። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ 70 የፈረስ ጉልበት የነበራት ቪትዝ 2,300 ሜትር ላይ የሚቀራት 54 ገደማ ነው። ኤሌክትሪኳ እንጦጦ ላይም ጉልበቷ ያው ነው። ጣጣው ያለው በዚህ ቀላል ልብ ዙሪያ በተደረደረው ነገር ነው። ለዚህ ነው ምርጫው ከሞዴሉ ስም በፊት ከደረጃው የሚጀምረው፤ የዚያችው መኪና ዝቅተኛ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ከፉል ኦፕሽኗ የተሻለ ዕድሜ ይኖራታል።

ከመክፈል በፊት የሚነካውና የሚጠየቀው

መኪናዋን አስነሥተው ስክሪኑን ያስጠፉት። አንዳንዶቹ ከቅንብራቸው ውስጥ ማሳያን ማጥፊያ አላቸው። ከዚያ ፍሬቻ፣ መጥረጊያ፣ ክላክስ፣ የአደጋ መብራት፣ የፊት መብራት፣ ማርሽ መቀየሪያ፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያ አንድ በአንድ ይሞከሩ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ስክሪን ካልበራ የማይታዘዝ ከሆነ መኪናዋ ለዚህ ገዢ አትሆንም። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የደኅንነት መዛኝም ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻን፣ መጥረጊያን፣ ክላክስንና የአደጋ መብራትን በእጅ በሚጨበጥ ማዘዣ ላላደረገ አምራች ሙሉ አምስት ኮከብ እንደማይሰጥ አስታውቋል። የመምህሩ ጥያቄ የሽማግሌ ግትርነት አልነበረም ማለት ነው።

ቀጥሎ ኮፈኑ ይከፈት። ትልቁን ባትሪ ሁሉም ይጠይቃል፤ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ግን ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት። ኮምፒውተሮቹን የሚያነቃው፣ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚዘጋው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነቃም። መኪና ለሳምንታት ስትቆም ወይም ዳሽ ካሜራ ተገጥሞ ሌት ተቀን ሲስብ ይደክማል። የአሲድ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ሊያልቅ ደርሷል፤ መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ግን 13.5 እና ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ትልቁ ባትሪ ትንሹን እየሞላው አይደለም። የተለመደው የአሲድ ባትሪ ከሆነ ከየትም ይተካል። አንዳንድ አምራቾች ግን በቦታው ትንሽ ሊቲየም ባትሪ ያደርጋሉ፤ የቻይናው ቢዋይዲ በብዙ ሞዴሎቹ እንዲህ ያደርጋል። ይህ ከባትሪ ነጋዴ ሱቅ ተነሥቶ የሚገጠም አይደለምና መተኪያው አገር ውስጥ መኖሩንና ዋጋውን ሳይጠይቁ አይፈረምም። ባትሪ ደክሞ ከሌላ መኪና ሲነሣ የሚነካው የ12 ቮልቱ ጫፍ ብቻ ነው። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ኬብል ከፍተኛ ቮልቴጅ ተሸካሚ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው እጁን አያስጠጋ።

የትልቁ ባትሪ ዓይነት ሁለት ነው ቢባል ለገዢ ይበቃል። አንዱ ኤልኤፍፒ ነው፤ ጉልበቱ በክብደቱ ሲመዘን አነስ ይላል፤ ግን ዕድሜው ይረዝማል፣ ለእሳትም አይቸኩልም። ቮልቴጁ ከሙሉ እስከ ባዶ ብዙ ስለማይለዋወጥ መቁጠሪያው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ 100 በመቶ መሙላት አለበት። ይህን የማያደርግ ሰው ነው 18 በመቶ እያሳየው ድንገት የቆመበት። ሌላው ኤንኤምሲ ሲሆን እሱን ለዘወትር 80 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል። አንዱን እንደሌላው መያዝ ያሳጥረዋል፤ "ከአያያዝ ይቀደዳል" እንደሚባለው ነው። ለአዲስ አበባ ከተማ ነጂ ኤልኤፍፒ ይበልጣል ባይ ነኝ። ቢዋይዲ ሲጋል ለምሳሌ በዚህ ባትሪ 30.08 ወይም 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ይዛ ትመጣለች፤ በ30.08ቱ የምትሄደው ርቀት በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር ነው ይባላል። ከቻይናው ቁጥር ሠላሳ በመቶ ቀንሶ ማቀድ ነው። ለከተማ ሰው ያም ቢሆን ከበቂ በላይ ነው፤ ትልቅ ባትሪ ክብደትና ዋጋ ብቻ የሚጨምርለት ብዙ ገዢ አለ።

የመሙያ አፏም ይታይ። ለቻይና ገበያ የተሠራች መኪና ጂቢቲ የተባለውን አፍ ይዛ ትመጣለች፤ ከአውሮፓ ወይም ከገልፍ የመጣች ሲሲኤስ 2 ይኖራታል። በሰፈርዎና በሚያዘወትሩት መንገድ ያለው መሙያ የትኛውን እንደሚሰጥ አስቀድመው ይዩ። ለቻይና ብቻ የተሠራች ከሆነች ስክሪኑ ቋንቋ የማይቀይር፣ የስልክ መተግበሪያዋም የቻይና ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። "እናስተካክላለን" የሚል ሻጭ ካለ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት አስተካክሎ ያሳይ። ጎማውም የሚረሳ ነገር ነው። ቁጥሩን ጽፈው ጎማ መሸጫ ደውለው ይጠይቁ፤ በአገር ውስጥ የሌለ ቁጥር ያላት መኪና አንድ ጉድጓድ ሳምንት ያስቆማታል።

የቤቱ መስመር

ጣጣ የሌላት መኪና ጣጣ ያለበት ሶኬት ላይ ስትሰካ ትርጉም የለውም። አብራ የምትመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 16 አምፔር ትስባለች። በ16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ማለት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ከሚስበው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ምጣዱ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፤ መኪናዋ ግን 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪዋን ከ20 በመቶ ተነሥታ እስክትሞላ ስምንት ሰዓት ያህል ሳታቋርጥ ትስባለች። ግድግዳ ላይ የተለመደው ሶኬት ይህን አይችልም። ብሎኖቹ ይላላሉ፣ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

የሚያስፈልገው ከማከፋፈያው ሳጥን ተነሥቶ ሌላ ምንም ያልተቀጠለበት የራሱ መስመር ነው። ለ16 አምፔር 4 ሚሊ ካሬ የመዳብ ገመድ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ከዚያም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ አቋርጦ ሰው የሚያድን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር። 32 አምፔር የሚስብ የግድግዳ ቻርጀር ከተፈለገ ገመዱ ከ6 ሚሊ ካሬ አያንስ፤ ቆጣሪውና የቤቱ ዋና መስመር መቻሉም ይረጋገጥ። በጥቅል ላይ የተጠመጠመ ማራዘሚያ ገመድ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጥቅሉ መሀል ያለው ሙቀት መውጫ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰክቶ አንድ ሰዓት ሲሞላው ሶኬቱ በእጅ ይዳሰስ፤ ለብ ማለት ደግ ነው፤ እጅ የሚያስነሣ ከሆነ ወዲያው ወደ 8 አምፔር ዝቅ ይደረግ ወይም ይነቀል። ምጣዱም ቻርጀሩም ባንድነት ከበሩ ሰባት ኪሎዋት ያልፋልና ዋናው ብሬከር ይወድቃል፤ መኪናዋ የሌሊቱ ናት።

አሁን አጥብቄ የምናገረው ስለ አርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር ስለሚያያዘው ገመድ ነው። ብዙ ቤታችን ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው ገመድ መሬት አይደርስም። ቻርጀሯ ይህን ታውቃለች፤ ቀይ አብርታ አልሞላም ትላለች። ያን ጊዜ የተጠራው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሶኬቱን ከፍቶ ኑል የሚባለውን የመመለሻ ገመድ ከአርዙ ጫፍ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። ቻርጀሯ ትታለላለች፣ መሙላት ትጀምራለች፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል። አንድ ቀን ግን ኑሉ ከፖል ላይ ወይም ከቆጣሪው ሥር ሲበጠስ ሙሉው 220 ቮልት በዚያች አጭር ሽቦ አልፎ የመኪናዋ ቆርቆሮ ላይ ይቀመጣል። ዝናብ በነካው መሬት ላይ ቆሞ እጀታውን የሚይዝ ሰው፣ ከሁሉ በላይ ሕፃን ልጅ፣ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ትክክለኛው ሥራ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ መትቶ ማስገባት፣ ከሳጥኑ ጋር ማሰር፣ በመለኪያ መለካት ነው፤ ከ10 ኦም በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ዋጋው ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

መንገዱ ላይ የማይነገር አንድ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሯ ራሱ እየያዘ ባትሪ ይሞላል፤ ባትሪው 100 በመቶ ከሆነ ግን የሚያስገባበት ቦታ የለምና ያ መያዝ ይጠፋል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። እንጦጦ ወይም ከጎሐ ጽዮን አናት አጠገብ የሚያድር ሰው ወደ ታች ከመውረዱ በፊት ባትሪውን 85 በመቶ አካባቢ ያቁመው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ደግሞ ወደ 700 ሜትር ከፍታ መውጣት አለ፤ ሁለት ሰው የጫነች ትንሽ መኪና ለከፍታው ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ትከፍላለች። ከ30 ኪሎዋት ሰዓቱ አንድ አሥረኛው ማለት ነው፤ ለመሄጃ የበቃው ለመመለሻ ላይበቃ ይችላል።

መቀነስ የሌለበት

ጣጣ ይቀነስ ሲባል የሚቀንሰው ሰው ማን እንደሆነ መታየት አለበት። ዉሊንግ ሆንግጓንግ ሚኒ እ.ኤ.አ. በ2020 በ28,800 ዩዋን ስትወጣ ዋጋዋ ዓለምን አስገርሟል፤ ርካሿ ሞዴል ግን አየር ማቀዝቀዣም ኤርባግም አልነበራትም። ሩሲያ ውስጥ በ2022 ማዕቀብ ዕቃ ሲያሳጣ ላዳ ግራንታ ያለ ኤቢኤስና ያለ ኤርባግ ወጥታለች። አየር ማቀዝቀዣ አዲስ አበባ ላይ ቢቀር ይቀራል። ኤቢኤስ ግን ዝናብ ባራሰው አስፋልት መሪው እንዲታዘዝ የሚያደርገው ነው፤ ኤርባግና ትክክለኛ ቀበቶም ዕድሜ የሚያስቀጥሉ ናቸው። እነዚህን "ቀላል ናት" ብሎ ማውጣት በገዢው ሕይወት ላይ መቆጠብ ነው። አልቶ ኬ10 ከ2025 ጀምሮ በሁሉም ደረጃዋ ስድስት ኤርባግ ይዛ ትወጣለች፤ ከሕንድ ርካሽ መኪኖች አንዷ ከቻለችው ሌላውም ይችላል።

ባትሪን በፈሳሽ ማቀዝቀዝ ላይ ግን ሐሳቤ እንደ ቦታው ነው። የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ የተመቸ ነው፤ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ትንሽ ባትሪ ፈጣን መሙያ ላይ ካልተዘወተረ በደንብ ይኖራል፤ የሚፈስ ፖምፓም ሆነ የሚቀየር ፈሳሽ የለውም። ድሬዳዋ፣ ሠመራ ወይም መተማ ለሚኖር ሰው ግን ያቺን መኪና አልመክርም።

ለአስመጪዎች የምለው ነገር አለኝ። ዝቅተኛውን ደረጃ እዘዙ። "የኢትዮጵያ ገዢ ፉል ኦፕሽን ነው የሚፈልገው" የሚለው አባባል ቀርቦለት የማያውቀውን ነገር አልፈለገም ማለት ነው። ባለ ቸርኬ ብረት ጎማ፣ በእጅ የሚከፈት በር፣ ጨርቅ ወንበር ያላት መኪና ከመለዋወጫዋ ጋር ብትቀርብ የሚገዛት መምህር፣ ነርስ፣ የታክሲ ሹፌር ሞልቷል። አንድ ሞዴል በብዛት ሲገባ ነው ሱማሌ ተራም የሚያውቃት፤ በየወሩ አዲስ ስም እየተጨመረ ሃያ ዓይነት መኪና አሥር አሥር ብትገባ አንዷም ቪትዝ አትሆንም።

ገዢ ደግሞ ውል ሲፈርም የስድስት ዕቃ ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቅ፦ የፊት መስታወት፣ አንድ የፊት መብራት፣ የፊት መከላከያ፣ የ12 ቮልት ባትሪ፣ መኪናዋ ውስጥ ያለው ቻርጀር፣ ስክሪኑ። ከዋጋው አጠገብ ዕቃው ዛሬ መጋዘን ውስጥ መኖር አለመኖሩ፣ ከሌለ በስንት ቀን እንደሚመጣ ይጻፍ። የባትሪው ዋስትና የሚጀምርበት ቀን ከቻይና የወጣችበት ሳይሆን የተረከቧት ቀን መሆኑም እዚያው ላይ በቁጥር ይግባ፤ የሻጩ ማኅተም ከሥሩ ይረፍ።